ዘግይቶ የሚታይ ፍሬ

ሀ. ለንባብ ዝግጅት

ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ በቡድን ተወያዩ።

1. የገበሬ ሥራና የመምህር ሥራ በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?
2. በበዓል ቀን በቴሌቪዥን ወይም በፊልም ካያችኋቸው ታሪኮች መካከል እስከ ዛሬ ከአእምሮአችሁ ያልጠፋ አለ? ያልጠፋበት ምክንያት ምንድን ነው?
3. ተስፋና ምኞት አንድ ናቸው ትላላችሁ?

ለ. ምንባብ

የስደት ምድር

ከመተማ ተነሥቶ ወሰኑን የሚሻገር መንገደኛ በመጀመሪያ የሚያገኛት የሱዳን ከተማ ጋላባት ናት። ከዚያም ወደ ሰሜን ምዕራብ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ገዳሪፍ ይደርሳል። የኢትዮጵያ ተራሮች በስተኋላው እየራቁና እየደበዘዙ ይሄዳሉ፤ ከፊቱ የሚጠብቀው ግን ለዓይን ማረፊያ የሌለው ሜዳ ነው። ገዳሪፍ የማሽላና የሰሊጥ አገር ናት። የመኸር ወራት በደረሰ ቁጥር ከኢትዮጵያ ብዙ ሠራተኞች ለአጨዳ ወደዚያ ሲወርዱ ኖረዋል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጥቁሩ ዋልካ አፈር ይጨቀይና መኪና ቀርቶ እግረኛም ለመራመድ ይቸገራል።

ይህ ምድር የእህል ምድር ብቻ አይደለም፤ የስደትም ምድር ነው። በ1977 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በነበረው ረኃብና ጦርነት ምክንያት ብዙ ሕዝብ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሰደደ። ከወሰኑ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የኡም ራኩባ መጠለያ ስሙ በዓለም የተሰማው ያን ጊዜ ነበር። በዚያው ዓመት ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ ድረስ ወደ 8,000 የሚጠጉ ቤተ እስራኤላውያን ከምሥራቅ ሱዳን መጠለያዎች በምስጢር እየወጡ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በመንገድና በመጠለያ ውስጥ ያለቁት ደግሞ 4,000 ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል።

ኡም ራኩባ ከዓመታት በኋላ ተዘግቶ ነበር። ነገር ግን በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሲነሣ መጠለያው በኅዳር ወር እንደገና ተከፈተ። በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ምሥራቅ ሱዳን የገቡት ስደተኞች ቁጥር ከ60,000 በላይ ሆነ። ከእነዚህም ብዙዎቹ የተከዜን ወንዝ ተሻግረው በሐምዳይት በኩል የገቡ ናቸው። በታኅሣሥ ወር መጨረሻ ላይ ደግሞ ቱናይድባ የተባለ ሌላ መጠለያ በገዳሪፍ ግዛት ተቋቋመ። ከስደተኞቹ መካከል ገበሬዎች፣ ነጋዴዎች፣ የጤና ባለሙያዎች፣ ተማሪዎችና መምህራን ይገኙ ነበር።

የስደት ትምህርት ቤት መምህር

መጠለያ በተቋቋመበት ሥፍራ ሁሉ ከውሃና ከእህል ቀጥሎ ወላጆች የሚጠይቁት የልጆቻቸውን ትምህርት ነው። በኡም ራኩባና በቱናይድባም የሆነው ይኸው ነው። በረድኤት ድርጅቶች እርዳታ ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ ጠመኔውን አንሥተው ከሰሌዳው ፊት የቆሙት በአብዛኛው ራሳቸው ስደተኞች የሆኑ መምህራን ነበሩ።

የእነዚህ መምህራን ሥራ ከሌላው መምህር ሥራ ይከብዳል። በስደት ትምህርት ቤት ውስጥ የ8 ዓመትና የ14 ዓመት ልጅ በአንድ ክፍል ጎን ለጎን መቀመጣቸው የተለመደ ነው። መጽሐፍ ለሁሉም አይዳረስም። ተማሪው አንድ ቀን ይመጣል፤ በማግሥቱ ውሃ ለመቅዳት፣ ራሽን ለመቀበል ወይም የቀን ሥራ ለመፈለግ ይቀራል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ እንደሆነው ነፋስና ዶፍ ዝናብ ሲመጣ ድንኳን ይገነጠላል። መምህሩ የሚቀበለውም ብዙውን ጊዜ ደመወዝ ሳይሆን ማትጊያ የሚባል ጥቂት ገንዘብ ነው። የምስክር ወረቀቱ በአገር ቤት የቀረበት መምህር ደግሞ መምህር መሆኑን ለማስረዳት እንኳ ይቸገራል።

ይሁን እንጂ ከዚህ ሁሉ ይልቅ የመምህሩን ልብ የሚያዝለው ሌላ ነገር ነው። ይኸውም የድካሙን ፍሬ አለማየቱ ነው። ገበሬ በሰኔ ቢዘራ በኅዳር ያጭዳል። የዘራበትን ማሳና ያጨደበትን ማሳ አንድ ሆኖ ያገኘዋል። መምህር ግን በአንድ ሥፍራ ዘርቶ ፍሬው የሚታየው በሌላ ሥፍራና በሌላ ዘመን ነው። በስደት አገር ደግሞ ይህ ርቀት እጥፍ ይሆናል። ፊደል የለየው ልጅ ከነቤተሰቡ ወደ ካርቱም ይሄዳል፤ ወይም ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ወይም ባሕር ተሻግሮ ወደ ሩቅ አገር ይወሰዳል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ በደላላ ተታልሎ የሊቢያን በረሃ መንገድ ይጀምራል። መምህሩ በማግሥቱ የሚያየው ባዶውን ሥፍራ ብቻ ነው።

በዓል ሲደርስ ይህ ሐዘን ይበረታል። ታኅሣሥ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. በኡም ራኩባ የነበሩ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን የልደትን በዓል በስደት አክብረዋል። ከቤቱ ከወጣ ገና ሁለት ወር ያልሞላው ሰው በዚያች ቀን ስለ አገሩ ምን እንደሚያስብ ለመገመት አያዳግትም። የገና ጨዋታው፣ የቡናው ጭስ፣ የዘመድ አዝማድ መሰባሰብ ይታወሰዋል። በአዘቦት ቀን በሥራ የሚረሳ ናፍቆት በበዓል ቀን ይቀሰቀሳል።

የበዓል ታሪክ ከየት መጣ?

በዓል ናፍቆትን የሚቀሰቅስ በመሆኑ ሰዎች በዚያን ቀን አንጀት የሚያርስ ታሪክ መስማትና ማየት ይወዳሉ። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራውን ከጀመረ ወዲህ እያደር በእንቁጣጣሽ፣ በገናና በፋሲካ ልዩ የበዓል ዝግጅት ማቅረብ ልማድ ሆኗል። በአውሮፓና በአሜሪካም ለገና በዓል ተብለው የሚሠሩ ብዙ ፊልሞች አሉ። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ የተጣሉ ይታረቃሉ፤ የጠፋው ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ንፉጉ ይቸራል። ብዙ ሐያስያን ይህን ዓይነቱን ፊልም ይንቁታል። ነገሩ ሁሉ በደስታ የሚያበቃ ስለሆነ የሕይወትን እውነት አያሳይም፤ ሰውንም በማታለያ ያስተኛል ይላሉ።

ነቀፌታው ለብዙዎቹ ፊልሞች እውነት ነው። ነገር ግን የገና ታሪክ ከየት እንደ መነጨ የሚያውቅ ሰው ሁሉንም በአንድ ዓይን አይመለከትም። የዘመናዊው የገና ታሪክ አባት ተብሎ የሚጠራው እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ ነው። ዲከንስ በመስከረም 1843 እ.ኤ.አ. በለንደን ከተማ ፊልድ ሌን በተባለ ሥፍራ የሚገኝ የድኾች ልጆች ትምህርት ቤት ጎበኘ። በእንግሊዝ አገር እንዲህ ያሉት ትምህርት ቤቶች «የቡትቶአሞች ትምህርት ቤቶች» ይባሉ ነበር። ያለ ክፍያ በፈቃዳቸው የሚያስተምሩ ሰዎች በጠባብና በቆሸሸ ቤት ውስጥ የጎዳና ልጆችን ፊደል ያስቆጥሩ ነበር። ዲከንስ ባየው ነገር እጅግ አዘነ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ላይ የታተመውና በብዙ ቋንቋ የተተረጎመው የገና ልብ ወለዱ ከዚህ ሐዘን ጋር የተያያዘ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ስክሩጅ ለተባለው ንፉግ ባለጸጋ ሁለት የተጎሳቆሉ ሕፃናት ይታዩታል። የአንዱ ስም ድንቁርና፣ የሌላዋ ስም ችጋር ነው። ከሁለቱም ይልቅ መፈራት ያለበት ድንቁርና መሆኑ ይነገረዋል።

እንግዲህ ታላቁ የገና ታሪክ ከመምህራን ሥራ የራቀ አይደለም። ከተወለደባቸው ሥፍራዎች አንዱ እንደ ኡም ራኩባው መምህር በችግር መካከል ቆመው የሚያስተምሩ ሰዎች የነበሩበት ክፍል ነው።

«ሕይወት ግሩም ናት»

ስለ ተስፋ ከተሠሩት የገና ፊልሞች መካከል እጅግ የታወቀው በ1946 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተሠራው «ሕይወት ግሩም ናት» የተባለው ነው። አዘጋጁ ፍራንክ ካፕራ በጣልያን አገር በሲሲሊ ደሴት ተወልዶ በልጅነቱ ከወላጆቹ ጋር ወደ አሜሪካ የተሰደደ ሰው ነበር። ዋናው ተዋናይ ጄምስ ስቱዋርትም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቦምብ ጣይ አውሮፕላን አብራሪ ሆኖ ካገለገለ በኋላ የተመለሰበት የመጀመሪያ ፊልሙ ነው። ስለዚህ ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ስደትንና ጦርነትን በወሬ ብቻ የሚያውቁ አልነበሩም።

የፊልሙ ባለታሪክ ጆርጅ ቤይሊ ይባላል። በልጅነቱ በረዶ ተሰብሮ ውሃ ውስጥ የገባ ታናሽ ወንድሙን ያድናል፤ በዚህም ምክንያት የአንድ ጆሮው መስማት ይጠፋል። ካደገ በኋላ ምኞቱ ከትንሿ ከተማ ወጥቶ ዓለምን መዞር፣ ከፍተኛ ትምህርት መማርና ታላላቅ ሕንፃዎችን መሥራት ነው። ነገር ግን አባቱ ይሞታል። አባቱ ያቋቋመው፣ ድኾች ቤት እንዲሠሩ የሚያበድር አነስተኛ ማኅበር እንዳይፈርስ ሲል ጆርጅ በዚያው ይቀራል። ለትምህርቱ ያጠራቀመውን ገንዘብ ለወንድሙ ይሰጣል። ዓመታት ያልፋሉ፤ ሌሎች ይሄዳሉ፤ እርሱ ግን በዚያችው ከተማ ይቀራል። በመጨረሻም በገና ዋዜማ የማኅበሩ 8,000 ዶላር ይጠፋል። ገንዘቡ ፖተር በተባለው ስግብግብ ባለጸጋ እጅ ይገባል፤ እርሱም ይደብቀዋል። ጆርጅ ኪሣራና እስራት ይጠብቀዋል። ድካሙ ሁሉ ከንቱ መስሎ ስለሚታየው ባልተወለድሁ ኖሮ ይሻል ነበር ብሎ ተስፋ ይቆርጣል።

በዚህ ጊዜ የተላከለት መልአክ ገንዘብ አያመጣለትም፤ ጠላቱንም አይቀጣለትም። የሚያደርግለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱ ያልተወለደባትን ከተማ ያሳየዋል። ጆርጅ በልጅነቱ ስላልነበረ ወንድሙን የሚያድነው አልተገኘም፤ ወንድሙ ስለሞተም በጦርነቱ ጊዜ ወንድሙ ያዳናቸው ወታደሮች ሁሉ አልቀዋል። ማኅበሩ ስላልነበረ ድኾቹ ቤት የላቸውም። ጆርጅ የሠራው ሥራ ትልቅነቱ የታየው ሥራው ከቦታው ሲነሣ ነው።

ሁለተኛው ቁም ነገር ደግሞ በፊልሙ ፍጻሜ ላይ ይገኛል። የከተማው ሰዎች የጆርጅን መቸገር ሰምተው ያላቸውን ገንዘብ እያዋጡ ያመጡለታል። ፖተር ግን አይቀጣም፤ የወሰደውንም ገንዘብ አይመልስም። ክፉ ነገር በዓለም ላይ እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ የፊልሙ ደስታ ችግር የለም የሚል ደስታ አይደለም፤ ችግር እያለም ድካም ከንቱ አልሆነም የሚል ነው። ጥሩው የበዓል ፊልም ከተራው የሚለየው በዚህ ነው።

የፊልሙ የራሱ ዕጣ

ፊልሙ የሚናገረው ነገር በራሱም ላይ ደርሷል። በተሠራበት ጊዜ ለኦስካር ሽልማት በ5 ዘርፍ ቢታጭም ተመልካቹ የተጠበቀውን ያህል አልነበረም፤ ለሥራው የወጣውንም ገንዘብ አልመለሰም። ለብዙ ዓመታትም ተረስቶ ቆየ። በ1974 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብቱ በወቅቱ ሳይታደስ በመቅረቱ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ያለ ክፍያ በየገናው ያሳዩት ጀመር። ትውልድ ከትውልድ እየተቀባበለ አየው። በ1990 እ.ኤ.አ. በአገሪቱ ቅርስነት እንዲጠበቁ ከተመረጡት ፊልሞች ጋር ተመዘገበ። የከሸፈ የመሰለው ሥራ ፍሬው የታየው ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

በሱዳንም ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ታሪክ አለ። በ1989 እ.ኤ.አ. የሱዳን ፊልም ሠሪዎች አንድ ማኅበር መሠረቱ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር የተደረገው መፈንቅለ መንግሥት ግን ሥራቸውን አቋረጠው። ከብዙ ዓመታት በኋላ ከእነርሱ መካከል አራት ሽማግሌዎች በኦምዱርማን የተዘጋ አንድ የፊልም ቤት ጠርገውና አጽድተው ለሕዝብ ለመክፈት ተነሡ። ፈቃድ ግን አላገኙም። የጥረታቸው ታሪክ የተቀረጸበት «ስለ ዛፎች ማውራት» የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም በ2019 እ.ኤ.አ. በበርሊን የፊልም በዓል ተሸለመ። የሽማግሌዎቹ ፊልም ቤት ባይከፈትም የድካማቸው ታሪክ በብዙ አገሮች ፊልም ቤቶች ታየ።

በምሥራቅ ሱዳን የበቀሉ ዘሮች

ተስፋ በፊልም ብቻ የሚታይ ቢሆን ኖሮ የተረት ያህል በሆነ ነበር። ነገር ግን የምሥራቅ ሱዳን መጠለያዎች እውነተኛ ምስክሮች አሏቸው። ፕኒና ታማኖ ሻታ በ1977 ዓ.ም. ከቤተሰቧ ጋር በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ስትወሰድ የ3 ዓመት ሕፃን ነበረች። በግንቦት 2012 ዓ.ም. በእስራኤል መንግሥት ውስጥ በኢትዮጵያ የተወለደች የመጀመሪያዋ ሚኒስትር ሆነች። ማዊ አስገዶምም በኢትዮጵያ ተወልዶ በልጅነቱ ከወላጆቹ ጋር ወደ ሱዳን ተሰዶ በመጠለያ ከኖረ በኋላ ወደ አሜሪካ ሄደ። በ1999 እ.ኤ.አ. ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሲመረቅ በምረቃው በዓል ላይ ንግግር እንዲያደርግ ተመረጠ፤ በኋላም የሕይወቱን ታሪክ በመጽሐፍ አሳተመ። በዚያን ዘመን በምሥራቅ ሱዳን ሜዳ ላይ እነዚህን ሕፃናት ያየ ሰው ነገ ምን እንደሚሆኑ ሊገምት ከቶ አይችልም ነበር።

እርግጥ ነው፣ ከመጠለያ የወጣ ሁሉ ሚኒስትር ወይም ደራሲ አይሆንም፤ መሆንም የለበትም። ደብዳቤ አንብባ ለእናቷ የምታስረዳ ልጅ፣ ሒሳቡን አውቆ በገበያ የማይታለል ወጣት፣ የመድኃኒቱን መመሪያ የሚያነብ አባት ሁሉ የአንድ መምህር ፍሬዎች ናቸው። ስማቸው በጋዜጣ ስለማይወጣ መምህሩ አይሰማም እንጂ ፍሬው አለ።

የተስፋ መንገድና ወሰኑ

እንግዲህ አንድ መምህር በበዓል ምሽት እንዲህ ያለውን ፊልም በቴሌቪዥን ወይም በእጅ ስልኩ ቢመለከት ምን ይጠቀማል? የአንድ ሰዓት መጽናናት ብቻ ካገኘ ጥቅሙ ከበዓሉ ጋር ያልፋል። ነገር ግን ለጆርጅ ቤይሊ የቀረበለትን ጥያቄ ወደ ራሱ ሥራ ቢመልሰው በየቀኑ የሚረዳው መሣሪያ ያገኛል። ጥያቄውም «ይህ ክፍል ባይኖር ኖሮ እነዚህ ልጆች ዛሬ የት በሆኑ ነበር?» የሚል ነው። አንዱ ምናልባት በሰሊጥ አጨዳ ላይ፣ ሌላው በደላላ መኪና ላይ፣ ሌላዋ ያለ ዕድሜዋ በትዳር ውስጥ በሆነች ነበር። ስንት ልጅ ታላቅ ሰው ይሆንልኛል ብሎ የሚያሰላ መምህር ቶሎ ይደክማል። ስንት ልጅ ከክፉ ተጠብቆ ዋለ ብሎ የሚጠይቅ ግን የሥራውን ዋጋ ዛሬውኑ ያገኘዋል። ልጁ በመጀመሪያው ቀን ያላወቀውንና ዛሬ ያወቀውን በደብተር የሚመዘግብ መምህርም ዓይኑ ያላየውን እድገት በጽሑፍ ያየዋል። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላልና።

ሆኖም ወሰኑ መታወቅ አለበት። ፊልም ደመወዝ አይሆንም፤ ተስፋም መጽሐፍና ጠመኔ አይተካም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ከካርቱምና ከሌሎች ሥፍራዎች የተፈናቀሉ እጅግ ብዙ ሰዎች ገዳሪፍ ገቡ፤ የትምህርት ቤት ሕንፃዎችም የተፈናቃዮች ማረፊያ ሆኑ። በሱዳን ብዙ መምህራን ለወራት ደመወዝ ሳይቀበሉ ቆዩ። ሌሎችም በጋላባትና በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ተሰደዱ። ትናንት ስደተኛ ተቀባይ የነበረው ዛሬ ስደተኛ ሆነ። ለእንዲህ ያለው መምህር «በርታ» ማለት ብቻ እዳን መሸሽ ነው። በፊልሙ ውስጥ ጆርጅን ያዳነው የመልአኩ ራእይ ብቻ እንዳልነበረ መዘንጋት አይገባም። ራእዩ ወደ ቤቱ መለሰው፤ እዳውን የከፈሉለት ግን በየበኩላቸው ያዋጡ ጎረቤቶቹ ናቸው። መምህሩ ተስፋውን እንዲጠብቅ ኅብረተሰቡ ድርሻውን ማዋጣት አለበት።

ምኞት ነገ መልካም ይሆናል ብሎ መቀመጥ ነው። ተስፋ ግን ፍሬው የሚታይበትን ቀን ሳያውቁ ዛሬ መዝራት ነው። በምሥራቅ ሱዳን ሜዳ ጠመኔ ይዞ የቆመ መምህር ስለ ተስፋ ባያወራም እንኳ ተስፋን በሥራ ያሳያል።

ሐ. የቃላት ፍች

በ«ሀ» ሥር ላሉት ቃላትና ሐረጎች በምንባቡ ውስጥ ባላቸው አገባብ መሠረት ተስማሚውን ፍች ከ«ለ» ሥር እየመረጣችሁ አዛምዱ።

«ሀ»
1. ዋልካ
2. ማትጊያ
3. አንጀት የሚያርስ
4. ችጋር
5. ሐያሲ
6. የሚያዝል

«ለ»
ሀ) የሚያደክም፣ ኃይል የሚያሳጣ
ለ) የሥነ ጽሑፍን ወይም የኪነ ጥበብን ሥራ የሚመረምር ሰው
ሐ) ጥቁር፣ ሲረጥብ የሚጣበቅ አፈር
መ) ልብን የሚያጽናና፣ የሚያስደስት
ሠ) ለማበረታቻ የሚሰጥ ክፍያ
ረ) ከባድ ድኽነት፣ ረኃብ

መ. የመረዳት ጥያቄዎች

የሚከተሉትን ጥያቄዎች በተሟላ ዓረፍተ ነገር መልሱ።

1. የኡም ራኩባ መጠለያ ለሁለተኛ ጊዜ የተከፈተው መቼና በምን ምክንያት ነው?
2. በምንባቡ መሠረት የስደት መምህርን ልብ ከሁሉ ይልቅ የሚያዝለው ምንድን ነው?
3. የዲከንስ የገና ታሪክ ከመምህራን ሥራ ጋር የሚገናኘው እንዴት ነው?
4. መልአኩ ለጆርጅ ቤይሊ ያደረገለት ነገር ምንድን ነው? ገንዘብ ቢሰጠው ኖሮ የታሪኩ ትምህርት ምን በሆነ ነበር?
5. ፖተር ሳይቀጣ መቅረቱ ፊልሙን ያጠነክረዋል ወይስ ያደክመዋል? ምክንያታችሁን አስረዱ።
6. በመጨረሻው አንቀጽ ላይ ምኞትና ተስፋ የተለዩት በምንድን ነው? በዚህ አከፋፈል ትስማማላችሁ?

ሠ. ሰዋስው

በምንባቡ ውስጥ «ይህ ክፍል ባይኖር ኖሮ እነዚህ ልጆች ዛሬ የት በሆኑ ነበር?» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። እንዲህ ያለው ዓረፍተ ነገር ያልሆነውን ነገር እንደ ሆነ፣ የሆነውንም እንዳልሆነ አድርጎ ለማሰብ ያገለግላል። ማሰሪያው «በ…ነበር» የሚል ቅርጽ ይይዛል።

ምሳሌ፦ መምህሯ ፊደል አስተማረችው። ደብዳቤውን አነበበ።
መምህሯ ፊደል ባታስተምረው ኖሮ ደብዳቤውን ባላነበበ ነበር።

የሚከተሉትን ጥንድ ዓረፍተ ነገሮች በምሳሌው መሠረት አጣምራችሁ ጻፉ።

1. ጎረቤቶቹ ገንዘብ አዋጡ። ጆርጅ ከእስራት ዳነ።
2. ዝናቡ በረታ። ድንኳኑ ተገነጠለ።
3. ደራሲው ትምህርት ቤቱን ጎበኘ። ታሪኩን ጻፈ።
4. ወላጆች ትምህርት ቤት ጠየቁ። ልጆቹ ከመንከራተት ዳኑ።

ረ. የድርሰት መልመጃ

በአካባቢያችሁ ከሚታወቁ ሥራዎች መካከል ፍሬው ዘግይቶ የሚታይ አንድ ሥራ ምረጡ፤ ለምሳሌ ዛፍ መትከል፣ እርከን መሥራት፣ ሕሙማንን ማስታመም ወይም ማስተማር ሊሆን ይችላል። ያ ሥራ ባይሠራ ኖሮ አካባቢያችሁ ምን ይመስል እንደነበር በመግለጽ ሦስት አንቀጽ ያለው ድርሰት ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ ሥራውን አስተዋውቁ፤ በሁለተኛው ሥራው ያልተሠራበትን አካባቢ ግለጹ፤ በሦስተኛው ሠራተኛው ተስፋ እንዳይቆርጥ ከኅብረተሰቡ የሚፈለገውን አመልክቱ።